ስዊች ከመግዛትዎ በፊት፦ ማን ከማን ጋር ያወራል?

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አላት። አምስት ሠራተኞች፣ አምስት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ፕሪንተር አሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የደንበኞች ፋይል የሚቀመጥበት ስድስተኛ ኮምፒውተር አለ። "ሰርቨሩ" እያሉ ይጠሩታል። ሐምሌ ገብቶ የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሲደርስ አምስቱም ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከዚያ ማሽን ፋይል ይከፍታሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ሪፖርት ያወጣሉ። ባለፈው ሐምሌ ሥራው ክፉኛ ተጎተተባቸው። አንድ ሪፖርት እስኪከፈት ሰው ተነስቶ ሻይ ቀድቶ ይመለስ ነበር። "ስዊቹ አርጅቷል፤ ጊጋቢት የሚባለውን ግዢ" ብለው መከሯት። ገዛች። አሮጌው ተነቅሎ አዲሱ ባለ ስምንት ቀዳዳ ተሰካ። ለውጡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደወለችልኝ። "ና እስቲ እየው፤ ብሬን ውኃ በላው መሰለኝ" አለችኝ። ሄጄ ጠረጴዛው ሥር ገባሁና ገመዶቹን በእጄ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አየሁ። አምስቱ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሩ አዲሱ ስዊች ላይ ተሰክተዋል። ከስዊቹ ወደ ራውተሩ የሚሄድ አንድ ገመድም አለ። የሰርቨሩ ገመድ ግን እንደ ድሮው ራውተሩ ጀርባ ላይ ነው። የዚያ ራውተር ቀዳዳዎች ደግሞ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፉም። አምስት ሰው በሰፊ መንገድ መጥቶ መጨረሻው ላይ በአንዲት ጠባብ በር ይጋፋ ነበር። የሰርቨሩን ገመድ ከራውተሩ ነቅዬ ስዊቹ ላይ ባዶ በነበረችው ስምንተኛ ቀዳዳ ሰካሁት። ሥራዬ ያ ብቻ ነበር። እህቴ ያንኑ ሪፖርት ከፈተችው፤ ከወንበሯ ሳትነሳ ወጣላት።

"በቃ ይኸው ነው?" አለችኝ።

ይኸው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ያ ቅዳሜ ነው። ሰው ስዊች ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጥሩው የትኛው ነው?" ብሎ ነው። እኔ ከሱቁ በፊት እቤት የሚመለስ ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ከእነዚህ ማሽኖች ውስጥ አብዝቶ የሚያወራው ማን ከማን ጋር ነው? ይህ ካልታወቀ ውዱ ስዊች እንደ ርካሹ ይሆናል፤ ከታወቀ ደግሞ ርካሹም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሳጥኑ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ የማያደርገውን ልናገር። ስዊች ኢንተርኔት አያመጣም፤ የመጣውንም አያፈጥንም። ከውጭ የሚገባው መስመር 20 ሜጋቢት ከሆነ የፈለገው ዓይነት ስዊች ቢሰካበት ያው 20 ነው። ቤቱን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ራውተሩ ነው። ስዊች ሥራው ግቢ ውስጥ ነው፦ ኮምፒውተርን ከፕሪንተር፣ ካሜራን ከመቅጃው፣ ቴሌቪዥንን ከራውተሩ ያገናኛል። ራውተርዎ ጀርባ ላይ የተደረደሩት አራት ቀዳዳዎችም ራሳቸው ራውተሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ስዊች ናቸው። አራቱ ከበቁዎትና ፍጥነታቸው ከተስማማዎት ምንም መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ጽሑፉንም እዚህ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ።

ኢተርኔት የሚባለው ዘዴ በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ተጀመረ። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ሲሠሩት ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ወፍራም ገመድ ላይ ተጣብቀው አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጥ ነበር። ኋላ ገመዱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተሰብስቦ "ሀብ" ተባለ፤ ጠባዩ ግን አልተለወጠም። ሀብን የእድር ጥሩንባ ነፊ አድርገው ያስቡት። ሲነፋ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ለቀብር መልእክቱ የሁሉም ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። ለአንድ ጎረቤት ብቻ "እንግዳ መጥቶብሃል" ለማለት ጥሩንባ መንፋት ግን መንደሩን ማወክ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢነፋ ደግሞ ድምፁ ተደበላልቆ የማንም መልእክት አይሰማም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ጥቂት ጠብቀው እንደገና መጀመር አለባቸው። ሀብ ላይ አሥር ኮምፒውተር ሲሰካ የሚሆነው ይኸው ነበር።

ስዊች ከጥሩንባ ነፊው ይልቅ የሰፈሩን ባለ ሱቅ ይመስላል። ባለ ሱቁ የሰፈሩን ሰው ቤት ማንም ቆጥሮ አላስረከበውም። ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ ከየትኛው ቅያስ እንደ ወጣ ያያል፤ ከጊዜ በኋላ "የእነ እከሌ ቤት በየት በኩል ነው?" ቢባል በጣቱ ያመለክታል። ስዊችም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ማክ አድራሻ የሚባል የ48 ቢት መለያ ይሰጠዋል። ከአንድ ማሽን መልእክት በመጣ ቁጥር ስዊቹ የላኪውን መለያና የገባበትን ቀዳዳ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ለዚያ ማሽን የሚላክ መልእክት ሲመጣ በዚያችው ቀዳዳ ብቻ ያወጣዋል፤ ሌሎቹ አይረበሹም። ተቀባዩን ገና ካላወቀው በሁሉም ቅያስ ይጣራል፤ መልስ ከመጣበት አቅጣጫም ይማራል። ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ያልተሰማን ማሽን ደግሞ ከመዝገቡ ይሰርዘዋል፤ በብዙዎቹ ስዊቾች ይህ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተርዎን ከአንዱ ክፍል ነቅለው ሌላው ክፍል ሲሰኩ ማንም ምንም ሳይነካ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትልቅ ጥቅም፣ 1ኛው ማሽን ከ2ኛው ጋር ሲያወራ 3ኛው ከ4ኛው ጋር በዚያው ቅጽበት ማውራት መቻሉ ነው፤ ሁሉም በሙሉ ፍጥነት፣ መላክና መቀበልም ጎን ለጎን። በ1990 ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሰባት ቀዳዳ ያለውን የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ ሲያቀርብ መለወጥ የጀመረው ነገር ይህ ነው። በ1994 ኩባንያውን ሲስኮ ገዛው። ዛሬ ያ ችሎታ ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይሸጣል። ለእኔ አሁንም የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ዋይፋይ በጠባዩ እስከ ዛሬ ወደ ጥሩንባው ይቀርባል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ተራ ይጠባበቃሉ፤ ጎረቤትዎ በዚያው ቻናል ላይ ካለ የእሱም ተራ አለ። ስለዚህ ከቦታው የማይነሳ ነገር ሁሉ ገመድ ይገባዋል እላለሁ፦ ቴሌቪዥን፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ የካሜራ መቅጃ። ዋይፋዩን በእጅ ለሚዞሩት ይተዉላቸው፤ ለእነሱም ይሻላቸዋል።

ወረቀትና እስክሪብቶ

እንግዲህ ወረቀት ያውጡ። ያሉዎትን ማሽኖች በክብ በክብ ይሳሉና አብዝተው የሚያወሩትን በመስመር ያገናኙ። ብዙ ፋይል የሚመላለስበትን መስመር ወፍራም ያድርጉት። የእህቴን ቢሮ ስንስለው አምስቱ ወፍራም መስመሮች በሙሉ ሰርቨሩ ላይ ተገናኙ፤ ወደ ራውተሩ የሄዱት ቀጫጭን ነበሩ። ሥዕሉ ብቻውን መልሱን ተናገረ፦ ሰርቨሩና አምስቱ ኮምፒውተሮች አንድ ስዊች ላይ ይሁኑ፣ ራውተሩ በአንድ ገመድ ይያያዝ። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ መልእክታቸው እዚያው ስዊቹ ውስጥ ዞሮ ይመለሳል እንጂ ራውተሩ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ የራውተሩ ቀዳዳ ዘገምተኛ ቢሆንም የቢሮውን ሥራ አይጎትተውም።

አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ኮምፒውተር ያሉበት፣ ሥራውም ኢንተርኔት ብቻ የሆነ ቤት ሥዕሉ ሌላ ነው። መስመሮቹ ሁሉ ወደ ራውተሩ ይሄዳሉ፤ ወፍራም የሚባል የለም። እዚያ ማንኛውም አምስት ቀዳዳ ያለው ስዊች ይበቃል።

ሥዕሉ የቀዳዳውንም ቁጥር ይነግርዎታል። አንዷ ቀዳዳ ወደ ራውተሩ ለሚሄደው ገመድ እንደምትሄድ አይርሱ፤ ባለ አምስት ቀዳዳ የሚያገለግለው አራት ማሽን ነው። ከቆጠሩት ላይ ሁለት ሦስት ይጨምሩ። ለዓመት የሚመጣውን ሠራተኛ ወይም ካሜራ ዛሬ ማወቅ አይቻልም፤ በአምስትና በስምንት ቀዳዳ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ ሁለተኛ ስዊች ከመግዛት ያነሰ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን በእጅዎ ይዘው አንድ ነገር ይፈልጉ፦ 10/100 ነው ወይስ 10/100/1000? ቁጥሮቹ በሰከንድ የሚያልፈውን ሜጋቢት ይናገራሉ። መቶው በ1995፣ በተራ የመዳብ ገመድ የሚሄደው ሺው ደግሞ በ1999 ደረጃ የወጣላቸው ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ሳጥናቸውም ተመሳሳይ ነው። ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ ኤል ኤስ 1005 የሚለው ባለ መቶ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጂ የምትል ፊደል ስትጨመርበት ባለ ሺ ይሆናል። በዚያው ፋብሪካ ሌላ ተርታ ኤስ ኤፍ ብሎ የሚጀምረው መቶ፣ ኤስ ጂ ብሎ የሚጀምረው ሺ ነው። አንዲት ፊደል የአሥር እጥፍ ልዩነት ታመጣለች።

አሥር እጥፍ ሲባል ምን ያህል ነው? 4 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ያስተላልፉ እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ፋይሉ 32,000 ሜጋቢት ነው። በመቶው ስዊች 320 ሰከንድ፣ በጉዞ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት ወደ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። በሺው፣ ዲስኮቹ ከቻሉ፣ ግማሽ ደቂቃ አለፍ ቢል ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ለማተሚያ ቤት ትልልቅ ፋይል ለሚልክ ሰው ይህ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ነው። ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ መቶው ይበቃ ነበር፤ ቢሆንም ስዊች ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነውና ዛሬ ባለ መቶ እንዲገዛ የምመክረው ሰው የለኝም።

ካርቶኑ ላይ "ስዊቺንግ ካፓሲቲ 16 ጊጋቢት" የሚል ነገር ያያሉ። ስምንት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 1 ጊጋቢት፣ ለመላክና ለመቀበል በሁለት ሲባዛ 16 ነው። ይህ የተለየ ችሎታ ሳይሆን የሚጠበቅበት ልክ ነው። ባለ ስምንት ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች ከ16 በታች ከጻፈ ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠሩ አይችላቸውም ማለት ነው።

2.5 ጊጋቢት የሚሉም መጥተዋል። ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ማሽኖች ሁለቱም ያንን የሚችል ካርድ ከሌላቸው ፍጥነቱ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ለአብዛኛው ቤት ይህን ማለፍ ይቻላል። ያገለገሉ ትልልቅ የቢሮ ስዊቾችም በገበያ አሉ፤ 24 ቀዳዳቸውና የብረት ሳጥናቸው ዓይን ይስባል። ሲገዙ ግን ይጠይቁ። ሲስኮ ካታሊስት 2960 ከሚባሉት መካከል 24 ቲቲ የሚለው ሞዴል ሃያ አራቱም ቀዳዳዎቹ ባለ መቶ ናቸው፤ ባለ ሺዎቹ ዳር ላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማራገቢያ አለው፤ መኝታ ቤት አጠገብ ሲሆን ይሰማል። ኤሌክትሪኩም ከትንሹ ስዊች ጥቂት ዋት ጋር አይወዳደርም።

ገመዱን አይናቁ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ስዊች ላይ የሚላከከው ጥፋት ብዙ ጊዜ የገመድ ነውና።

የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተጠምዘው ይሄዳሉ። ባለ መቶው ግንኙነት ሁለቱን ጥንድ ብቻ ይጠቀማል፤ ባለ ሺው አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ገመዱን የቀጠለው ባለሙያ ቸኩሎ ወይ ሰማያዊውን ወይ ቡናማውን ጥንድ አላግባብ ከያዘው ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ግንኙነቱ ግን ወደ መቶ ወርዶ ይቀራል። ማንም አያውቅም። ለዓመታት እንዲህ የኖሩ ቢሮዎች አይቻለሁ።

ማወቂያው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ቅንብሩን ሲከፍቱ የግንኙነቱ ፍጥነት ተጽፎ ያገኙታል፤ 1000 ካለ ደህና፣ 100 ካለ ደግሞ ገመዱን በሌላ ቀይረው ይሞክሩ። ብዙ ስዊቾችም ለሺና ለመቶ የተለያየ ቀለም ያበራሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መመሪያው ይነግራል። በብዛት የሚሠራበት የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ውስጡን በሚያሳየው የፕላስቲክ ጫፍ በኩል ቀለሞቹን ራስዎ መቁጠር ይችላሉ።

ሌላው ሽቦው የተሠራበት ነገር ነው። ከውጭ ሲያዩት መዳብ የሚመስል፣ ሲቆርጡት ግን መሐሉ ነጣ ያለ ገመድ አለ፦ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፤ ኤሌክትሪክም እንደ መዳብ አያሳልፍም። ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ብርማ ቀለም ካሳየ አይግዙት። ካት 5ኢ የሚባለው ንጹሕ የመዳብ ገመድ ለጊጋቢት ይበቃል። የአንድ ገመድ ርዝመት ደግሞ ከ100 ሜትር አይለፍ።

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት ወይም ወደ ዘበኛ ቤት በአየር ላይ የሚዘረጋ ገመድ ለብቻው ይታሰብ። የክረምት መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ በዚያ መዳብ ላይ የሚፈጠረው ኃይል በሁለቱም ጫፍ ያለውን ያቃጥላል። ለእንዲህ ዓይነቱ መሻገሪያ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር ይሻላል፤ ኤስኤፍፒ የሚባል የፋይበር መግቢያ ያለው ስዊች የሚያስፈልገውም እዚህ ነው።

ካሜራ የሚሰቅሉ ከሆነ

ካሜራ የሚሰቀለው ጣሪያ ሥር ወይም በር ላይ ነው፤ እዚያ ሶኬት የለም። ፒኦኢ የሚባለው ዘዴ መረጃው በሚያልፍበት በዚያው ገመድ ኤሌክትሪክም ይልካል። በ2003 የወጣው ደረጃ ከስዊቹ ቀዳዳ 15.4 ዋት ያስወጣል፤ ለካሜራው እንዲደርስ የሚያስበው ግን 12.95 ነው። የቀረው ረጅም ገመድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ2009 የወጣው ወደ 30 ዋት አሳደገው። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመላኩ በፊት ይጠይቃል፦ በትንሽ ቮልቴጅ ገመዱን ነካ አድርጎ ጫፉ ላይ 25 ኪሎ ኦም የሚያህል ምልክት ካገኘ ብቻ ያበራል። ስለዚህ ላፕቶፕ በስህተት ቢሰኩበት አያቃጥለውም። "ፓሲቭ" የሚባሉት ግን ሳይጠይቁ ይለቃሉ፤ ከእነሱ ጋር የመጣውን መሣሪያ ካልሆነ በቀር ሌላ አይሰኩባቸው።

ሰው የሚሳሳተው ድምሩ ላይ ነው። ስምንት የፒኦኢ ቀዳዳ ያለው ስዊች በጠቅላላው 65 ዋት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ ስምንት ዋት ገደማ ነው የሚደርሰው። ካሜራ ቀን ቀን ጥቂት ይወስዳል፤ ሲመሽ የጨለማ መብራቶቹን ሲያበራ ፍላጎቱ ከፍ ይላል። ቀን ሙሉ ሠርቶ ማታ አንድ ሁለቱ የሚጠፋበት የካሜራ ሥርዓት ካዩ መጀመሪያ ድምሩን ያስሉ። ካሜራው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት በካሜራዎቹ ብዛት ያባዙ፤ 8 ዋት የሚወስዱ ስድስት ካሜራዎች 48 ይሆናሉ፤ 65ቱ ይበቃቸዋል። ስምንቱም ቀዳዳ አሥር አሥር ዋት በሚወስዱ ካሜራዎች ከተያዘ ግን አይበቃም።

ለካሜራ የሚሸጡ ስዊቾች ብዙ ጊዜ የካሜራ ቀዳዳዎቻቸው ባለ መቶ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ባለ ሺ ናቸው። ይህ ጉድለት አይደለም። አንድ ካሜራ 4 ወይም 6 ሜጋቢት ነው የሚልከው፤ መቶው ይተርፈዋል። መቅጃው ግን የሁሉንም ይቀበላል። አሥራ ስድስት ካሜራ በ6 ሲባዛ 96 ስለሆነ መቅጃው ባለ መቶዋ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ምስሉ መንተባተብ ይጀምራል። ባለ ሺዋ ቀዳዳ የእሱ ናት። እንደገና ወደዚያው ጥያቄ ተመለስን፦ ማን ከማን ጋር ያወራል?

መብራት ሲጠፋም ፒኦኢ ይጠቅማል። አንድ ዩፒኤስ ስዊቹንና መቅጃውን ከያዘ ካሜራዎቹ ሁሉ አብረው ይቆያሉ፤ በየጣሪያው ባትሪ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ካሜራ ለሌለውም ቢሆን ራውተሩንና ስዊቹን አንድ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ እወዳለሁ። ሁለቱ ተደምረው የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ነው፤ ቮልቴጁ ሲዋዥቅም ከዲቫይደር ላይ በቀጥታ ከመሰካት ይሻላቸዋል።

የተዞረ ገመድ

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ አንድ ጠዋት ኔትወርኩ በሙሉ ቆመ። ፕሪንተር የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ፋይል የለም። ስዊቹ ላይ ያሉት መብራቶች ግን ሁሉም እንደ አንድ ሆነው ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ። ግማሽ ቀን ፈለግን። በመጨረሻ የተገኘው ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ የተሰካ አንድ ገመድ ነበር። ቢሮውን የምታጸዳው እህታችን መሬት ላይ የተጋደመ የገመድ ጫፍ አይታ የተነቀለ መስሏት በቅንነት ባዶ ቀዳዳ ላይ መልሳው ኖሯል።

ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? አንዳንድ መልእክቶች ለሁሉም የሚላኩ ናቸው፤ "ፕሪንተሩ የት ነህ?" እንደሚለው ያለ። ስዊቹ እንዲህ ያለውን በሁሉም ቀዳዳ ያወጣዋል። በተዞረው ገመድ የወጣው ተመልሶ ይገባል፤ እንደ አዲስ መልእክት በሁሉም ቀዳዳ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። የኢተርኔት መልእክት ዕድሜውን የሚቆጥርለት ነገር ስለሌለው መቼም አይሞትም፤ በሰከንዶች ውስጥ መንገዱን ይሞላዋል። በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባሉት ባለሙያ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን መፍትሔ አበጁለት፤ ስዊቾቹ ተነጋግረው ዙሪያ የሚፈጥረውን መንገድ ራሳቸው ይዘጉታል። ርካሾቹ ስዊቾች ብዙውን ጊዜ ይህ የላቸውም። "ሉፕ ፕሪቨንሽን" የሚል ካርቶኑ ላይ ካዩ፣ ሰው በሚበዛበት ቢሮ ለዚያ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው። ከሌለ ደግሞ መብራቶቹ እንዲያ ሲርገበገቡ ካዩ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ መብራቶቹ የተረጋጉበት ገመድ ጥፋተኛው ነው።

ማኔጅድ ስለሚባሉት በአጭሩ ልበል። ለቤትና ለእህቴ ዓይነት ቢሮ ሰክተው የሚረሱት ተራ ስዊች ይበቃል። ፔንሲዮን ወይም ካፌ ላለው ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ እንግዳ የሚጠቀምበት ዋይፋይና የሂሳብ ኮምፒውተሩ በአንድ ግቢ መዋል የለባቸውም። ማኔጅድ ስዊች አንዱን ሳጥን ቪላን በሚባል ዘዴ እርስ በርስ ወደማይተያዩ ክፍሎች ይከፍለዋል። ራውተሩም ቪላን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከተከፈሉት አንዱ ኢንተርኔት ሳያገኝ ይቀራል። ከፋብሪካ የመጣውን የስዊቹን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀይሩት፤ መመሪያው ላይ የታተመውን ቃል እንግዳውም ያነበዋል።

ገዝተው እቤት ሲገቡ አሮጌውን ከመጣልዎ በፊት ሁሉንም ይሰኩ፤ የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ፍጥነት አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ መቶ ያለውን ገመድ ዕለቱን ይለውጡ። ስዊቹን አየር በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት፤ ራውተሩ ላይ አይደርቡት፤ ሁለቱም ይሞቃሉ። ከዚያ ነጭ ፕላስተር ቆርጠው እያንዳንዱ ገመድ ከየት እንደሚመጣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ይጻፉ። በዚያ ቅዳሜ እኔና እህቴ ይህን አድርገን ነው የወጣነው። እኔ "ፕሪንተር"፣ "ራውተር" እያልኩ ስጽፍ ስምንተኛዋን ቀዳዳ ለራሷ አስቀረቻት። በደማቅ ቀይ እስክሪብቶ "ሰርቨር፣ አይነቀል" ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው።